ፀጉር አስተካካዩና አራተኛው ክትባት

ሰፈሩ «እውነትዎን» እያለ የሚጠራው ፀጉር አስተካካይ ስድሳ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚህ ውስጥ አርባ ሦስቱን ያሳለፈው በሰው ጭንቅላት ዙሪያ ሲሽከረከር ነው። ስሙ የወጣለት ከአፉ ከማይለየው ቃል የተነሳ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ «ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» ካለ «እውነትዎን ነው» ይላል። ተከትሎ የተቀመጠው ደግሞ «ዘንድሮ ዝናብ የሚባል ነገር የለም» ካለ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ እየቋጠረለት አሁንም «እውነትዎን ነው» ይላል። ቅንጣት ታህል አያፍርም።

ለዚህ ጠባዩ ተጠያቂው ሙያውን ያስተማረው ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ምላጭ ያስጨበጠው ቀን አንድ ነገር ብቻ ነገረው፤ ምላጭ ሥር ካለ ሰው ጋር ክርክር የለም። የተከራከረ ሰው ይናደዳል፣ የተናደደ ሰው አንገቱን ያዞራል፣ አንገቱን ያዞረ ሰው ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ዳግመኛ በዚያ በር አያልፍም። ተማሪው ትምህርቱን ከሚገባው በላይ ያዘው። ምላጭ ሲይዝ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መቀስም ሲይዝ፣ ማበጠሪያም ሲይዝ፣ ኋላ ኋላ ወለል ሲጠርግም መስማማት ለመደ። በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ በክርክር የሄደበት ደንበኛ አንድም የለም። በጆሮ ጫፍ ምክንያት የሄዱበት ግን ሁለት አሉ።

ኮሮና ሲመጣ የዚህ ሰው ምላስ ሥራ በዛበት። ክትባቱ ከመጣ በኋላማ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ሐኪም ሆኖ ቁጭ አለ። አንዱ ይወጉ ይላል፣ አንዱ አይወጉ ይላል፣ አንዱ ግማሹን ቢሰጡኝ ይላል። እውነትዎን ከሁሉም ጋር ተስማማ። እሱ ራሱ ሦስት ጊዜ ተከትቧል፤ ግን ሦስቱንም ጊዜ ያስመዘገበችው፣ ክንዱን ይዛም የወሰደችው ሚስቱ ናት። የራስህ ሐሳብ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም ራሱን አልጠየቀም።

አሁን ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ጤና ጣቢያ ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆኑና የቆየ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ተጨማሪ ክትባት መስጠት ጀምሯል። መልእክቱ በስልኩ ደርሶታል። ሚስቱ የልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ ትሠራለች፤ የራሷን ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሄዳ ተወግታ መጥታለች።

«በዚህኛው አልጎትትህም» አለችው። «ትልቅ ሰው ነህ፣ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ልብህ ያለህን አድርግ።»

«እውነትሽን ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገዱን አልተሻገረም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቁልፍ ሠሪው ወንበሩ ላይ ነበር። ተረኛው የታክሲ ሹፌር ደግሞ አግዳሚው ላይ ተዘርፍጦ ጋዜጣ ይዟል። ቁልፍ ሠሪው ከመስተዋቱ ውስጥ እያየ «አራተኛዬን ትናንት ተወጋሁ» አለ። «ክንዴን ትንሽ ያዝ አደረገኝ እንጂ ደህና ነኝ። ያሳመነኝ እሱ ነው።»

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «ማን? እውነትዎን?»

«አዎ። መወጋት ነው የሚሻለው ብዬ ሳማክረው እውነትህን ነው አለኝ።»

«አይ እንግዲህ» አለ ሹፌሩ። «እኔን ሦስት ይበቃል ያለኝ እሱ አይደለም እንዴ? እዚህችው ወንበር ላይ፣ ይኸው እንዳንተ ጨርቅ ለብሼ።»

ሁለቱም ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ። ሱቁ ውስጥ ፊት ለፊት የተሰቀሉ ሁለት መስተዋቶች ስላሉ፣ ሰውዬው ላይ ያፈጠጡት ዓይኖች ስፍር ቁጥር አጡ። መቀሱን በአየር ላይ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አደረገ፤ ጊዜ መግዣ ነው።

«ለማናችን ነው የዋሸኸው?» አለ ሹፌሩ።

«ለማናችሁም አልዋሸሁም። የነገራችሁኝን ነው መልሼ የነገርኳችሁ።»

ቁልፍ ሠሪው ከጨርቁ ሥር እየተንፈራፈረ ሳቀ። «ሰው ነህ ወይስ ሦስተኛ መስተዋት?»

ሳቁ ሳያበቃ በሩ ተከፈተና አንዲት ጎልማሳ ሴት ገባች። እውነትዎን ገና ሲያያት አወቃት፤ የመምህር ልጅ ናት።

መምህር ማለት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፣ ሳንባቸው ታማሚ ነው። ጉልበታቸው ደረጃ መውረድ ካስቸገራቸው ጀምሮ፣ እነሆ አሥራ አንድ ዓመት፣ እውነትዎን ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቦርሳውን ይዞ እቤታቸው ይሄዳል። መላጨቱ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እሱ ግን ሁለት ሰዓት ይቆያል። መምህር ጋዜጣውን በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ ያነቡለታል፣ በአትላሱ ላይ ወንዝ ያሳዩታል፣ አንዳንዴ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ሻይ ይጠጣሉ። ሳምንቱ ለእሱ የሚጀምረው ሐሙስ ነው። ነገር ግን መምህር የዋዛ ሰው አይደሉም። ተሳስተዋል ያላቸውን ሰው ደግመው አያስገቡም። በዚህ ምክንያት ሁለት ሐኪምና አንድ የሚስት ወንድም ቀርተዋል። ከእሱ በፊት የነበረው ፀጉር አስተካካይም የተባረረው በዚሁ ቃል ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ሊያነጋግሩኝ ይችላሉ?» አለች ልጅቷ። ደጃፉ ላይ ወጡ።

«አባዬ ተጨማሪውን ክትባት አልወስድም ብሏል። ሐኪሙ ለመነው፣ እኔ ለመንኩት፣ ወይ ፍንክች። ለምን ስለው፣ ፀጉር አስተካካዬ ሦስት ይበቃል ብሎኛል አለ። እውነት እርስዎ ነዎት እንዲህ ያሉት?»

እውነትዎን አንድ ሐሙስ መምህር ሦስት ይበቃል ማለታቸው፣ እሱም የለመደውን መመለሱ ትዝ አለው። አሁን ምን እንደሚላት ሲጨነቅ አፉ ከእሱ ቀደመና «እውነትሽን ነው» አለ።

«ምኑ ነው እውነቴ?» አለች።

መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«በዚህ ከተማ ከእርስዎ በቀር የሚያምነው ሰው የለም» አለች፤ ድምጿ ቁጣ የለበትም፣ ድካም ግን አለበት። «ስለ እርስዎ ሲያወራ፣ እሱ የሁሉን ሰው ወሬ ይሰማል፣ ይመዝናል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው ይላል። አምና ሳንባው ሲደክምበት ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን አጠገቡ ወንበር ላይ አድሬያለሁ። ጋሼ፣ ያን ዓይነቱን ነገር ዳግመኛ እንዳላይ ይርዱኝ።» ተሰናብታው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ተመልሶ ሲገባ ሹፌሩ «ምን አለችህ?» አለው። እውነትዎን መቀሱን አነሳ። የቁልፍ ሠሪውን ፀጉር ይከረክማል፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እውነቱን ለመምህር ብነግራቸው ያባርሩኛል፤ ባልነግራቸውና አንድ ነገር ቢሆኑስ? እየደጋገመ ይህንኑ ያስባል።

ማምሻውን ለሚስቱ ሁሉንም አወራላት። እሷ ፎጣ እያጣጠፈች ሰማችው።

«እኔኮ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እምቢ ብለኸኝ አታውቅም» አለች። «ሰው ሲሰማው የታደልኩ ይመስለዋል። ታዲያ መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን ስልህ ያልሽው፣ ልጃችን የት ትማር ስልህም ያልሽው ይሁን ትላለህ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ብቻዬን መጋረጃ ስመርጥ ኖርኩ።»

ሊስማማ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እሷም አይታው ሳቋ መጣ። «ተወው፣ አሁን አትጨነቅ። መጀመሪያ አንተ ራስህ ምን እንደምታስብ እወቅ። ሽማግሌውን ለማስተማር ከዚያ በኋላ ትሄዳለህ።»

ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት መንገዱን ተሻገረ። ክትባት የምትሰጠው ነርስ የሁለት ወንድ ልጆቿን ፀጉር የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ ታውቀዋለች። ወንበር አሳየችው። ሰው የሚያስቀምጥ እንጂ የሚቀመጥ አይደለምና መቀመጡ ራሱ ግራ አጋባው።

«ሦስት አይበቃም እንዴ?» አላት።

«ለወጣትና ለጤነኛ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው» አለች። «ለእርስዎ ዕድሜ፣ በተለይ ደግሞ ሳንባው ለሚያመው ሰው፣ የበፊቱ ክትባት ኃይሉ ወራት በሄዱ ቁጥር ይቀንሳል። ይሄኛው መልሶ ያጠነክረዋል። በሽታው ጭራሽ አይዝዎትም ብዬ አልሸነግልዎትም፤ ቢይዝዎት ክፉኛ የመታመም ዕድልዎን ይቀንሳል። ክንድዎን ያምዎታል፣ ትኩሳት ቢጤም ሊኖር ይችላል፣ ባንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ከዚህ በፊት ሲከተቡ የከፋ ነገር ገጥሞዎት ከነበረ ግን ይንገሩኝ።»

«አልገጠመኝም። አሁን ተነስቼ ብሄድስ?»

«ይሄዳሉ። ነገ ሐሳብዎን ቢለውጡ እዚሁ አለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩን ያስገረመው ይህ ነው። ሴትየዋ የምታምንበትን ነገረችው፣ ቢኮርፍባትም ምንም እንደማትሆን ታውቃለች፣ ቢሄድም አትከተለውም። ለካ እንዲህም ይቻላል። ሆዱ ውስጥ ሲፈልግ አንድ የራሱ ሐሳብ አገኘ፤ ማንም ያልነገረው፣ ከማንም ወንበር ላይ ያልለቀመው። በሕይወት መቆየት ይፈልጋል። መምህርም እንዲቆዩ ይፈልጋል። እጅጌውን ሰበሰበ።

ሐሙስ ጠዋት ግራ ክንዱ ከጆሮው በላይ አልነሳም አለ። ማበጠሪያ የሚይዘው በዚያው እጅ ነው። ስለዚህ ረጃጅሞቹን ደንበኞች ወንበሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያም «እባክዎ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ» እያለ አስተናገዳቸው። አንድ ፖሊስ አገጩ ጉልበቱን ሊነካ እስኪደርስ ተኮማትሮ ተቆረጠ። ምን ሆነህ ነው ላለው ሁሉ ተወግቼ ነው አለ። ጥሩ አደረግህ ያሉትም፣ ምነው ቸኮልክ ያሉትም ነበሩ። ለሁለተኞቹ ዝም አላቸው። ዝም ማለት ለእሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ከምሳ በኋላ ሦስቱን ፎቅ ወጣ። መምህር እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ፣ ፎጣቸውን ደረታቸው ላይ አንጥፈው ይጠብቁት ነበር። ልጃቸው በዕረፍት ሰዓቷ መጥታ ሙቅ ውኃ አቀረበችና እሱን አንድ ጊዜ ትክ ብላ አይታው ወደ ውስጥ ገባች። አረፋውን ሁለቱም ጉንጭ ላይ ቀባ። ቀኙን ጉንጭ ላጨ። ወደ ግራው ሊዞር ሲል መምህር ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ተናገሩ።

«ይቺ ልጅ ሰሞኑን በክትባት ጆሮዬን በልታዋለች። እኔና አንተ ግን ተነጋግረን ጨርሰናል። ሦስት ይበቃል።»

ምላጩ ቆመ። እውነትዎን ምላጩን ጠረገው፣ አጠፈው፣ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ሳያልቅ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ?» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው።

«መምህር፣ ያን ዕለት ያልኩዎት ሳላስብ ነው። እርስዎ ሦስት ይበቃል ስላሉ ነው የተስማማሁት። አይበቃም ቢሉኝም እስማማ ነበር። ለታክሲ ሹፌሩ አንድ ነገር፣ ለቁልፍ ሠሪው ተቃራኒውን ነው ያልኩት። አሁን ግን ጠይቄ፣ አስቤም ነው የመጣሁት። እኔ ራሴ ትናንት ተወግቻለሁ። በዚህ ነገር ተሳስተዋል።»

ቃሉ ከአፉ ወጣ። ቦርሳውን በዓይኑ ፈለገ፤ ውጣ ሲባል አንስቶ ለመውረድ እንዲመቸው።

መምህር ግን ውጣ አላሉም። «ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«ጋዜጣው ላይ የማርመውስ?»

«እርማቱ ልክ ይመስለኛል፤ እኔ ምን አውቄ።»

«የምጽፈው መጽሐፍ መግቢያስ? ግሩም ነው ብለኸኛል።»

«ይረዝማል፣ መምህር። ወንዞቹ ጋ ስንደርስ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«እኔ ደግሞ በጥሞና እያዳመጥክ መስሎኝ!» አሉ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ግን ሳቅ የመሰለ ነገር አለ። ቀጠሉ። «ወንዱ ልጄ፣ ያ ሩቅ አገር ያለው፣ የማይደውለው ሥራ በዝቶበት ነው ስልህስ?»

እውነትዎን ራሱን አከከ። «ያን ጊዜ እርስዎ ቢደውሉለትስ ልልዎት ፈልጌ ነበር።»

ግራ ጉንጫቸው ላይ ያለው አረፋ መድረቅ ጀምሯል። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለቤቴ ያረፈች ሰሞን፣ ማድረግ የምችለውን ሁሉ አድርጌላታለሁ አልኩህ። አንተም እውነትዎን ነው አልከኝ። በዚያች ቃል ነው እስካሁን እንቅልፍ የሚወስደኝ። ያቺ ቃልም እንደሌሎቹ ናት?»

ለዚህኛው ማሰብ አላስፈለገውም።

«ያን ቀን ልላጭዎት አይደለም የመጣሁት። ቦርሳዬን ሳልይዝ፣ እንዲሁ አጠገብዎ ልቀመጥ ብዬ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በማንኪያ ሲያበሏት፣ ፀጉሯን ሲያበጥሩላት በዓይኔ አይቻለሁ። ማበጠሪያ እንዴት እንደሚያዝ የጠየቁኝ እርስዎ አይደሉም? ከዚያ በላይ የሚያደርግ ሰው እኔ አላየሁም። ይህችን ያልኩት ከልቤ ነው።»

መምህር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በፎጣው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ አረፋም የጠረጉ ለማስመሰል ጉንጫቸውን አከሉበት። እውነትዎንም የአትላሱን ጀርባ ያነብ ነበር።

«ካፖርቴን አምጣልኝ» አሉ በመጨረሻ።

«አሁን? ግራ ጉንጭዎ ገና ነው።»

«ጭንብል የተሠራው ለምን ሆነና። ቆይቼ ከተናደድኩ አልሄድም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ልጃቸው ከውስጥ ስትወጣ አባቷን ባርኔጣ አድርገው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ቢናገሩት የሚፈርስ ነገር መሆኑን ስለምታውቅ የፀጉር አስተካካዩን ቦርሳ ብቻ አነሳች። ሦስቱን ፎቅ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በየደረጃው ማጠፊያ ላይ መምህር ቆም ብለው ይተነፍሳሉ፣ እውነትዎን ደህነኛው ክንዱ ላይ ያስደግፋቸዋል፣ እሷ ከኋላ ቦርሳውን ትይዛለች።

ነርሷ ለእሱ የነገረችውን ሁሉ ለእሳቸውም ነገረቻቸው። ስለ ሳንባቸው ጠየቀች፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቀች፣ መለሱላት። በየመሃሉ ሁለት ጊዜ ቃል አረሟት። ከዚያ «እንግዲህ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለቻቸው።

መምህር ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ። በጭንብሉ ጠርዝ በኩል ያልተላጨው ጢማቸው ነጭ ነጭ ብሎ ይታያል። «እሷ የምትለውን ሰምቻለሁ» አሉ። «አንተ ንገረኝ። እኔን ደስ እንዲለኝ ብለህ ሳይሆን፣ ልጄንም ደስ እንዲላት ብለህ ሳይሆን። አንተ ለምን ትፈልጋለህ?»

እውነትዎን የነርሷን ቃላት ሊደግም ፈለገና ሁሉም ጠፉበት።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ መምህር» አለ። «ክንዱም የእርስዎ ነው። ግን እኔ ሐሙስ ሐሙስ የምሄድበት ሌላ ቤት የለኝም።»

ልጃቸው ወደ ግድግዳው ዞረች። መምህር የእጅጌያቸውን ቁልፍ ለመፍታት ይታገሉ ጀመር። ማንንም ግን እንዲያግዛቸው አልጠየቁም። ፈቱት፣ እጅጌውን እስከ ትከሻቸው ጠቀለሉት፣ ክንዳቸውን ለነርሷ ሰጡ።

«ሰኞስ ለምን አትመጣም?» አሉት፣ ፊታቸውን ከእሱ ሳይመልሱ። «ሰኞ ሱቅህ ዝግ አይደል?»